ከስታዲየም እስከ ቡታጅራ፦ የእሑድ ጥቅል ጉዞ ሲመዘን

በስታዲየም፣ በአምባሳደርና በፒያሳ ዙሪያ የሚገኙ አስጎብኚ ድርጅቶች ለረጅም ጊዜ በመስኮታቸው ላይ የሚለጥፉት የላሊበላን፣ የአክሱምንና የጎንደርን ፎቶግራፍ ነበር፤ የሚጠብቁትም ዶላር ይዞ የሚመጣውን የውጭ አገር እንግዳ ነበር። አሁን ግን ብዙዎቹ ለከተማው ነዋሪ በብር የሚከፈል፣ ጠዋት ወስዶ ማታ የሚመልስ የእሑድ ጉዞ ይሸጣሉ። እዚህ የምገመግመው ከነዚህ አንዱን፣ ከስታዲየም አጠገብ ካለ ቢሮ የገዛሁትንና በቡታጅራ መንገድ መልካ ቁንጥሬን፣ አዳዲ ማርያምንና ጥያን አስጎብኝቶ ቡታጅራ ላይ ምሳ የሚጋብዘውን ጥቅል ነው። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም፤ በዚህ መስመር የሚሠሩት ቢሮዎች ፕሮግራም ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ በመሆኑ የምለው ነገር ለሌሎቹም ይሠራል። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ አገልግሎቱ ለጥንታዊ ድንጋዮቹ ለጋስ፣ ለትንንሾቹ ከተሞች ግን ስስታም ነው፤ ከአዲስ አበባ ውጪ ያለውን አገር ላይ ብሎ ለሚሳፈር ሰው ደግሞ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

የምዝገባው ሥርዓት የሚያስመሰግን ነው። ቢሮው የአንድ አሮጌ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ የተቀበለችኝ ሠራተኛ የጉዞውን ሰዓት፣ የመኪናውን ዓይነትና የሚቆምባቸውን ቦታዎች በአንድ ገጽ የያዘ ወረቀት ሰጥታኝ ካነበብሁት በኋላ ነው ስለ ገንዘብ የተነጋገርነው። ግማሹ ቀብድ በቴሌብር ተከፈለ፣ ደረሰኙም እዚያው ተቆረጠ፤ በዋዜማው ማታም ተደውሎ መነሻ ሰዓቱ ተረጋገጠ። ያልተነገረኝ ነገር ቢኖር ዋጋው የመግቢያ ክፍያዎቹን ሁሉ የማይሸፍን መሆኑ ነው። ወረቀቱ ላይ «መስተንግዶን ጨምሮ» የሚል ሰፊ ቃል ተጽፎ ሳለ፣ የአዳዲ ማርያም መግቢያና ለአካባቢው አስጎብኚዎች የሚሰጠው ከየኪሳችን እንደሚወጣ የሰማነው መኪና ውስጥ ነበር። ገንዘቡ ብዙ ሆኖ አይደለም፤ ነገር ግን ቤተሰቡን ይዞ የመጣ አባወራ እንዲህ ያለውን ነገር ቢሮ ውስጥ ሊሰማው ይገባ ነበር።

መነሻው መስቀል አደባባይ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። ኮስተሩ ንጹሕ፣ የመቀመጫ ቀበቶዎቹም የሚሠሩ ነበሩ። ይህን ለይቼ የምጠቅሰው በዚህ ዓይነት ጉዞ ላይ ቀበቶ ከወንበሩ ሥር ተሸጉጦ የሚቀርባቸውን መኪኖች ሁላችንም ስለምናውቃቸው ነው። ዘግይተው የደረሱ ሁለት ተሳፋሪዎች ግማሽ ሰዓት ያህል አስጠብቀውናል፤ በሰዓቱ የተገኘው ሰው ይቀጣል፣ የዘገየው ይሸለማል፣ ይህ የአገራችን የጉዞ ሕግ እዚህም አልተሻረም። ከዚያ በኋላ በሜክሲኮ፣ በሳር ቤትና በጀሞ በኩል ወጥተን ዓለም ገና ስንደርስ፣ የጅማው መንገድ ወደ ቀኝ ሲቀጥል የእኛ ወደ ደቡብ ታጠፈ።

የመጀመሪያው መቆሚያ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በላይኛው አዋሽ ዳርቻ የሚገኘው መልካ ቁንጥሬ ነው። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ዴከር የተባለ የኔዘርላንድ የውኃ ባለሙያ ሲሆን፣ ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለረጅም ዓመታት ቆፍሮበታል፤ ከእርሱ በኋላ ሥራውን የተረከቡት የጣልያን ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከአጎራባቹ ከባልጭት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ይህን ሁሉ የድርጅቱ አስጎብኚ በማይክሮፎን በጥሩ ሁኔታ አስረድቶናል፤ ከደረስን በኋላ ግን ማይክሮፎኑን አጥፍቶ ንግግሩን ለቦታው ሰው መተው መቻሉን ከሁሉ በላይ ወድጄለታለሁ። ብዙ አስጎብኚዎች ይህን አያውቁበትም፤ እኛ ከከፈልናቸው ዘንድ ዝም ማለት ያሳፍራቸዋል።

የቦታው ሰው ከጎጆ መሰሎቹ የሙዚየም ቤቶች ወደ ክፍቱ የቁፋሮ ስፍራ ይዞን ሄደ። በዳስ ጥላ ሥር የጉማሬ አጥንትና የተጠረቡ ድንጋዮች ከተገኙበት ሳይነሡ በአፈሩ ላይ እንዳሉ ይታያሉ። ከዚያ በእጁ የያዘውን፣ ለማስረጃነት የሚጠቀምበትን የባልጩት ስንጣሪ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አሳየን፤ መሐሉ እንደ ጥቀርሻ የጠቆረው ድንጋይ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ሳስቶ እንደ ጠጅ ብርሌ ብርሃን ያሳልፋል። «በዚህ ቆዳ ይገፈፋል፤ ከምላጭ አያንስም» አለና አንዲት ሕፃን ልጅ ልትነካው እጇን ስትሰድ ቶሎ ሸሸገው። ጎምቦሬ ከሚባለው ክፍል 700 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የሰው የእግር ዱካ፣ በዚያም ውስጥ የሕፃናት ዱካ መገኘቱን የነገረን ለዚያችው ልጅ ብሎ ነው። ጋርባ ከሚባለው ስፍራ ስለተገኘው የሕፃን መንጋጋም አስረዳን፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት መንጋጋው ሆሞ ኢሬክተስ የተባለው የጥንት ሰው ዝርያ መሆኑንና ዕድሜውም 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን አመልክቷል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ የሰው ዘር ቀዝቃዛውን ደጋ መቼ እንደለመደው ለሚጠይቁ ተመራማሪዎች ትልቅ ዋጋ አለው። ለዚህ ሁሉ የተመደበልን ጊዜ በቂ ነበር፤ ማንም አላጣደፈንም። በጉዞው ውስጥ ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ለዚህ ክፍል ነው።

አዳዲ ማርያም ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ተገንጥሎ በጠጠር መንገድ ይደረስበታል። ከአለት የተፈለፈለው ይህ ቤተ ክርስቲያን በትውፊት ከንጉሥ ላሊበላ ጋር የሚያያዝ ሲሆን፣ ጣሪያው ከመሬቱ ወለል ጋር እኩል ስለሆነ ከሩቅ የሚታይ ነገር የለውም፤ ግቢው ውስጥ ገብቶ ዙሪያው የተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ሲደርሱ ነው ሕንፃው ከእግር ሥር የሚገለጠው። ላሊበላን ላላየ የአዲስ አበባ ሰው በግማሽ ቀን የሚደረስበት እንዲህ ያለ ነገር መኖሩ ራሱ የጉዞውን ዋጋ ይመልሳል። እዚህ ላይ ድርጅቱ ያሰበበት ነገር አለ፤ እሑድ በመሆኑ ቅዳሴ ሳያልቅ እንዳንደርስ መልካ ቁንጥሬን አስቀድሟል። ያላሰበበት ደግሞ አለባበሱ ነው። ነጠላ ሳይዙ የመጡ እኅቶች በር ላይ ሲቸገሩ አንድ አረጋዊ ካህን ከውስጥ አንድ ሁለት ነጠላ አስመጥተው፣ «ግድ የለም ልጆቼ፣ የእናታችሁ ቤት ነው፤ ሌላ ጊዜ ግን ይዛችሁ ኑ» ብለው አስገቧቸው። በዋዜማው የተደወለው ስልክ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ኖሮ ካህኑ ባልደከሙ ነበር። ውስጡ ጨለማ ስለሆነና ወለሉም ወጣ ገባ ስለሆነ፣ አረጋውያን ወላጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ሰዎች ደረጃው ላይ ክንዳቸውን መስጠት አለባቸው።

ጥያ ስንደርስ ፀሐዩ ወጥሮ ነበር። ከአዲስ አበባ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚገኘው ይህ የትክል ድንጋይ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በግቢው ውስጥ ካሉት 36 ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ ተቀርጾባቸዋል። ሰይፎች ቁልቁል ተደርድረው፣ ክቦች፣ የእንሰት ቅጠል የሚመስሉ ምልክቶች፤ አብዛኞቹ ትርጉማቸው እስካሁን በእርግጠኝነት አልተፈታም። በሥራቸው በተደረገ ቁፋሮ የተገኙት አስከሬኖች የወጣቶች፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ የሚገኙ ሰዎች ሆነው በመገኘታቸው፣ ሰይፉ የጦር ጀግንነት ምልክት ነው የሚለው ግምት ሚዛን ደፍቷል። የአካባቢው አስጎብኚ የሰይፉን ቁጥር ከተገደለ ጠላት ቁጥር ጋር የሚያያይዘውን ትርጓሜ ሲነግረን፣ «እንግዲህ ጋሼ፣ እንደዚህ ይባላል ነው እንጂ የፈረመ የለም» ማለቱን አደንቃለሁ፤ በቅርስ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከብዙ ትምህርት ቤት አይገኝም። ጥያ ባለችበት በጉራጌው ሶዶ አካባቢ የዚህ ዓይነት 160 ያህል ጥንታዊ ስፍራዎች መታወቃቸውን ስሰማ፣ ጥያ የአንድ ሰፊ አገር የፊት በር ብቻ መሆኗን አስተዋልሁ። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ጉዞው በሩን ከፍቶ ያሳየንና ወደ ውስጥ ሳያስገባን ያልፋል።

የቡታጅራ መንገድ ሁለት ዓይነት ነገር ይዟል። አንደኛው እስካሁን የዘረዘርሁት፣ ቆሞ የሚጠብቅ ቅርስ ነው። ሁለተኛው ሌመን፣ ጥያ ከተማ፣ ቡኢ፣ ቀላ እየተባለ የሚሄደው የትንንሽ ከተሞች ሰንሰለት ነው፤ በየከተሞቹ መካከል ደግሞ የእህሉ ማሳ ቀስ በቀስ ለእንሰቱ ቦታ እየለቀቀ ይሄዳል። ከጥያ ወዲያ ሣር ክዳን ቤቶች በእንሰት ተከብበው፣ ከፊታቸው የታጨደ የሚመስል ለምለም መስክ ተዘርግቶ፣ ከምዕራብ በኩል የጉራጌ ተራሮች ከነደመናቸው ቆመው ይታያሉ። ለአዲስ አበባ ሰው ይህ መልክዓ ምድር እንግዳ አይደለም ማለት ይቻላል፤ በመርካቶ ከምንገበያያቸው ነጋዴዎች ስንቶቹ ለመስቀል የሚገቡት ወደነዚህ መንደሮች ነው! ነገር ግን አብዛኞቻችን ሰዎቹን እንጂ አገራቸውን አናውቅም። ይህን የመሰለ ዕድል በእጁ ያለው ድርጅት ቡኢንና ቀላን በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በመስኮት ያሳየናል። ማይክሮፎኑም በዚህ ክፍል ላይ ዝም አለ፤ የድምፅ ማጫወቻው ሙዚቃ ተተካበት። መናገር በማይገባው ቦታ ዝም ያለው አስጎብኚ መናገር በሚገባው ቦታም ዝም አለ።

ነገሩን ይበልጥ ያጎላው በፕሮግራሙ ያልነበረ ማቆሚያ ነው። ሹፌሩ አንደኛው የኋላ ጎማ ነፋስ የቀነሰ መስሎት ቡኢ ላይ አቆመና፣ ጎማው እስኪታይ ድረስ ወርደን በመንገዱ ዳር ተበታተንን። አንዲት እናት ከቤታቸው ደጃፍ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ይሸጣሉ። አንዱን ጥቅል ሲፈቱት ያ ኮምጠጥ ያለው ሽታ ወጣ፤ በጣታቸው ቆንጥረው በመዳፋቸው ላይ አሽተው ቃጫው ምን ያህል እንደቀነሰ አሳዩን። «ይሄ የከረመ ነው፤ ለክትፎ ይሄን ነው የምትወስጅው። ያኛው ገና ነው፣ ለቤት ይሆናል፤ እንግዳ ፊት ግን አይቀርብም» አሏት ከመካከላችን ዋጋ ለጠየቀችው ወጣት። እንሰቱ ከተተከለ በኋላ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ ሥራውም የሴቶች መሆኑን፣ ጉድጓዱ ውስጥ የተቀበረው ቆጮ በየጊዜው እየተገለጠ እንደሚገላበጥ በዚያች ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተማርን። ከአጠገባቸው በቆመች የፈረስ ጋሪ ላይ የተቀመጠ ልጅ ደግሞ የከተማዋን ገበያ ቀን፣ ከየትኛው መንደር ማን ምን እንደሚያመጣ በዝርዝር ይነግረን ጀመር፤ ያኔ ነው የሹፌሩ ክላክስ የጠራን። ጎማው ደኅና ነበር። ከጉዞው በኋላ ከተሳፋሪዎቹ ጋር ስንጨዋወት ከድንጋዮቹ ቀጥሎ ሁሉም ያነሣው ይህንኑ ማቆሚያ ነበር፤ ድርጅቱ ይህን ሰምቶ በፕሮግራሙ ላይ የግማሽ ሰዓት የቡኢ ቆይታ ቢጽፍበት አንዲት ሳንቲም አያወጣም።

ምሳው ቡታጅራ ነው። ከተማይቱ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከዘቢዳር ተራራ በስተምሥራቅ የምትገኝ፣ ዛሬ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ የተካተተች የንግድ ከተማ ናት፤ የመስጊዱና የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ በአንድ መንገድ ላይ የሚሰማባት፣ የማረቆ በርበሬ በጆንያ የሚራገፍባት ከተማ። የተወሰድንበት ቤት ክትፎውን ለብ ለብ አድርጎ፣ በኮባ ቅጠል ላይ፣ ከአይብና ከጎመን ጋር፣ በቀንድ ማንኪያ አቅርቦልናል። ቅቤው በሚገባ የተነጠረና በኮሰረት የታሸ ስለነበር አፍ ላይ ሳይከብድ ይወርዳል፤ ሚጥሚጣውንም ለብቻው በማቅረባቸው ልጆች ለያዙ ሰዎች ተመችቷል። ቆጮው ስስ ተደርጎ የተጋገረና ትኩስ ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ በአራት እጥፍ ዋጋ ደርቆ የሚቀርበውን ለለመደ ሰው ልዩነቱ ከመጀመሪያው ጉርሻ ይታወቃል። ጾመኞች ለነበሩት ሁለት ተሳፋሪዎች የተዘጋጀው ግን ተራ ሽሮ ብቻ ነበር። የጎመንና የቡላ አገር ላይ ተቀምጦ ለጾመኛ ሌላ ነገር ማጣት የአሳብ እጥረት ካልሆነ በቀር የእህል እጥረት ሊሆን አይችልም። በዐቢይ ጾም ወራት ይህን ጥቅል የሚገዛ ሰው የምሳውን ነገር በቅድሚያ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ከምሳ በኋላ ወረቀቱ ላይ «ጊዜ ከፈቀደ» ተብሎ የተጻፈው ሐረ ሸይጣን ነበር። ከቡታጅራ ወደ ደቡብ ትንሽ ወጣ ብሎ በስልጤ ምድር የሚገኘው ይህ ክብ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ፣ ከአፋፉ የተወረወረ ድንጋይ ውኃውን አይነካም በሚለው ወግ የታወቀ ነው። ጊዜ አልፈቀደም። መቼም እንደማይፈቅድ ለመገመት ሒሳብ አያስፈልገውም፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ሦስት ቦታ ያየና ምሳ የበላ ቡድን ከቡታጅራ የሚነሣው ወደ 10 ሰዓት ገደማ ስለሆነ፣ ሐይቁን ጨምሮ ሳይመሽ መመለስ አይቻልም። የማይፈጸም ነገር በፕሮግራም ላይ ከሚሰፍር፣ ወይ አዳር ጨምሮ የሁለት ቀን ጥቅል ማድረግ፣ አለዚያም መሰረዝ ነበር የሚገባው። እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ቡታጅራ ላይ መካከለኛ ማረፊያ አይጠፋም፣ በማግስቱ ጠዋትም የገበያውንና የሐይቁን ነገር በእርጋታ ማየት ይቻላል።

መመለሻው ላይ የምለው የለኝም፤ ሹፌሩ የተረጋጋ፣ ተሳፋሪው የጠገበና የደከመ ነበር፣ ከዓለም ገና በኋላ ያለውን የእሑድ ማታ መጨናነቅ ደግሞ ማንም ድርጅት ሊያስቀረው አይችልም። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ መስቀል አደባባይ ደርሰናል።

ዋጋው መሐል ከተማ ካለ መካከለኛ ሆቴል የአንድ ሌሊት አዳር ጋር የሚቀራረብ ነው። ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ይህ ተገቢ ይመስለኛል። በሕዝብ ማመላለሻ ልሂድ የሚል ሰው ቡታጅራና ጥያ ድረስ በሚኒባስ ያለ ችግር ይደርሳል፤ አዳዲ ማርያም ግን ከዋናው መንገድ ስለሚገነጠል ባጃጅ ወይም ሞተር መፈለግ ግድ ይለዋል፣ መልካ ቁንጥሬም ላይ ቆሞ ቀጣዩን መኪና መጠበቅ ሰዓት ይበላል። አራትና አምስት ሆነው የሚሄዱ ጓደኞች ግን የራሳቸውን መኪና ተከራይተው፣ መግቢያውንና የአካባቢ አስጎብኚዎችን ክፍያ እዚያው ከፍለው፣ ቡኢና ቀላ ላይ እንደልባቸው ወርደው ቡና ቢጠጡ ከጥቅሉ የተሻለ ቀን ያሳልፋሉ፤ ምናልባትም ገንዘብ ይተርፋቸዋል። ለአረጋውያን፣ ለልጆችና መንገዱን ለማያውቁ ሰዎች ግን ጥቅሉን ከነጉድለቱ እመክራለሁ።

ወቅቱን በሚመለከት፣ ከመስቀል በኋላ ያሉት ሳምንታት የተሻሉ ናቸው፤ መስኩ ገና አልደረቀም፣ ጠጠሩም መንገድ ጭቃ አይደለም። በክረምት የአዳዲው መገንጠያ ኮስተርን ሊያስቸግር ስለሚችል፣ በሐምሌና በነሐሴ የሚመዘገብ ሰው ቦታው ከቀረ ገንዘቡ ይመለስ እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ። ስትሄዱ በስተቀኝ፣ ስትመለሱ በስተግራ ብትቀመጡ የጉራጌ ተራሮች ከጎናችሁ ይሆናሉ፤ ጠዋት ላይ ፀሐይዋ ከወዲያ ማዶ ስለምትወጣ መጋረጃውን መዝጋት አያስፈልጋችሁም።